የክቡር አቶ ቢቀየርስ ብሎን

ሰው ተሰብስቦ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ፣ ሌላው ሥራውን ጨርሶ ኮቱን ሲያነሳ «ቆይ ግን…» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ባንክ ቤት አለ፤ ትምህርት ቤት አለ፤ ልብስ ሰፊ ቤት እንኳ አለ። የእኛው ከጎኔ ነው የሚቀመጡት። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው፤ ለሌሎቻችን ክቡር አቶ ቢቀየርስ ናቸው።

መሥሪያ ቤታችን የመድኃኒት ፍሪጅ ውስጥ ሆና ቅዝቃዜውን የምትከታተል፣ ፍሪጁ ሲሞቅ የምትጮህ ትንሽ መሣሪያ ይሠራል። እኔ የአጠቃቀም መመሪያዋን እጽፋለሁ፤ ክቡርነታቸው ድራይቨር ይጽፋሉ። ድራይቨር ማለት፣ ለእኔ ቢጤው ላስረዳ፣ የመሣሪያዋን ሥራ የሚመራው ኦፕሬቲንግ ሲስተም «ቅዝቃዜው ስንት ደረሰ?» ሲል ወደ መለኪያው ሮጦ፣ በመለኪያው ቋንቋ ጠይቆ መልሱን ይዞ የሚመጣ ፕሮግራም ነው። ሌላው ሰው ይህን መልእክተኛ ጽፎ ሻዩን ይጠጣል። ክቡርነታቸው ግን ለሁለት ይከፍሉታል፦ አንደኛው መለኪያውን ያውቃል፣ የመሣሪያዋን አንጎል፣ ቺፑን፣ ግን አይቶትም አያውቅም። ሁለተኛው ቺፑን ብቻ ያውቃል፤ እሱም አጭር ነው፣ ለብቻው ተቀምጧል።

«ለምን?» ብለህ መጠየቅ ነው ስህተቱ።

«ቺፑ ቢቀየርስ?» ይላሉ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «ይቺን አጭሯን አውጥተህ ሌላ ትከታለህ። የቀረው ንቅንቅ አይልም።»

የስክሪኑን ድራይቨር የሚጽፈው ባልደረባችን ፈጣኑ ይባላል፤ ስሙ ሥራውን ይናገራል። «ጋሼ፣ መሣሪያዋ እኮ ፍሪጅ ውስጥ ነው የምትገባው። ጨረቃ ላይ አትሄድ!»

«ብትሄድስ?»

ይህ ነገር ከቢሮ የሚመጣ አመል ይመስለኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩና ምንጩን አየሁ። በዚያ ቤት አንድ ሚስማር የለም። መደርደሪያው በብሎን፣ አልጋው በብሎን፣ የመጋረጃው ዘንግ እንደ ስልክ አንቴና የሚረዝምና የሚያጥር።

«ቤት ብንቀይርስ እያለ፣» አሉ ባለቤታቸው፣ «ከተጋባን ጀምሮ እዚሁ ቤት ነን። የሠርጉን ሱፍ እንኳ ‹ብወፍርስ› ብሎ በሰፊው አሰፍቶ፣ ፎቶው ላይ ከታላቅ ወንድሙ የተዋሰ ነው የሚመስለው።»

«ወፈርኩ፣ አልወፈርኩም?»

«እሱስ ወፍረሃል።»

«ይኸው!» አሉ ክቡርነታቸው ሆዳቸውን መታ መታ እያደረጉ። ሱፉ ዛሬም ልካቸው ነው።

እንዲህ እየሳቅንባቸው ስንኖር፣ ነገሩ እኔም ቤት ገባ። ታናሽ እህቴ የሆስፒታል ፋርማሲስት ናት። ፍሪጇ ማንም ሳያውቅ ሞቆ፣ የስኳር ሕመምተኞቿ ኢንሱሊን እንዳለ ተበላሽቶ ተጥሏል። ከዚያ ወዲህ ቴርሞሜትር ይዛ ፍሪጅ ስትከፍትና ስትዘጋ ነው የምትውለው፤ እሁድን ጨምሮ። ሥራ አስኪያጃችን መሣሪያዋን እስከ ወሩ መጨረሻ አደርሳለሁ ብለው ለሆስፒታሉ ቃል ገብተዋል። እህቴም በየቀኑ እየደወለች «ወንድምዬ፣ መቼ ነው?» ትለኛለች። «ደርሷል» እላለሁ እኔ፣ መመሪያውን ብቻ የጨረስኩት ሰውዬ።

አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጃችን ገቡና እንደቆሙ ተናገሩ። «ፋብሪካው የመሣሪያችንን ቺፕ መሥራት አቁሟል። ሌላ ዓይነት እንጂ እሱ ገበያ ላይ የለም።»

ሁላችንም አንገታችንን ወደ አንድ ጠረጴዛ አዞርን። ክቡርነታቸው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። «አላልኩም?» ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «አዲሱን ስጡኝ» ብቻ አሉ። አጭሯን ክፍል አውጥተው ለአዲሱ ቺፕ ሌላ ጻፉ፤ የቀረው እንዳሉት ንቅንቅ አላለም። ምሳ ሳይደርስ መለኪያው የክፍላችንን ሙቀት በትክክል ይናገር ነበር።

ይናገር ነበር ማለቴ ለኮምፒውተራቸው ነው። የመሣሪያዋ ስክሪን ድርግም ብሏል። ፈጣኑ የድሮውን ቺፕ አድራሻ በጻፈው ፕሮግራም በየመስመሩ እንደ ሚስማር መትቶታል፤ አንዱን ሲነቅል ሌላው ይሰበራል። እኔም የእህቴን ስልክ ማንሳት አቆምኩ።

«በሉ እንጂ ጋሼ፣ ሳቁብኝ» አለ ፈጣኑ ራሱን ይዞ። «ተራዎ ነው።»

ክቡርነታቸው ወንበራቸውን ጎትተው ከጎኑ ተቀመጡ። «ስቄ ስጨርስ ማን ይነቅለዋል? ና፣ አብረን እንንቀል። ግን ለሁለት ከፍለን ነው የምንመልሰው።»

«ይህም ቺፕ ቢቀየርስ ብለው ነዋ!»

«ተማርክ!»

ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሆስፒታል ሄደን ገጠምናት። እህቴ አላመነችም፤ የፍሪጁን በር ከፍታ ቆማ ጠበቀች። መሣሪያዋ ጮኸች። ቆይታ ዘጋች፤ መሣሪያዋ ዝም አለች። ደግማ ከፈተች፤ ጮኸች።

«ጋሼ!» አለች ክቡርነታቸውን አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ። «እሁድ ልተኛ ነው!»

እሳቸው ግን በትከሻዋ በኩል ፍሪጁን ያያሉ። «የኔ እመቤት፣ ፍሪጁ ቢቀየርስ?» ብለው፣ መሣሪያዋን ያለ ሚስማር እንዴት ወደ ሌላ ፍሪጅ እንደምታዛውራት አስረዷት። መመሪያው ውስጥ አልጻፍኩትም ነበር። አሁን አለ።

ሰሞኑን ሥራ አስኪያጃችን አዳዲስ ሠራተኞች ስለሚመጡ የጠረጴዛው ሁሉ ቦታ ይቀያየራል ብለው አስታወቁ። ሰው ምሳ ሲወጣ መዶሻ ተዋስኩና የእኔን ጠረጴዛ ከክቡርነታቸው ጠረጴዛ ጋር በሚስማር መታሁት። ሲመለሱ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ቢቀየርስ?» አሉኝ።

«ይሄ አይቀየርም፣ ጋሼ።»

በማግስቱ ስገባ ሚስማሬ ተነቅሎ በቦታው ብሎን ገብቷል። ተናደድኩ። ልፈታውና የራሴን ልመልስ ብዬ ጎንበስ አልኩ፤ በእጄ ሞከርኩ፣ በጉጠት ሞከርኩ። ክቡርነታቸው አጥብቀው አስረውታል፤ ንቅንቅ አይልም።