ኮሮና መሄዱ ያልተነገራት እህት

በየሰፈሩ፣ ኮሮና መሄዱ ያልተነገራት አንዲት ሴት አለች። እሷ የሌለችበት ሰፈር እስካሁን አልተሰማም።

የሆሳዕናዋ ጣቢታ ትባላለች። በሙሉ ማዕረጓ ስትጠራ ክብርት የበር ሚኒስትር ናት። ማዕረጉን የሰጣት ታናሽ ወንድሟ አክሊሉ ነው፤ እሱም ራቅ ብላ ባለችው ቦኖሻ ከተማ፣ ቤቱ ሆኖ፣ እሷ በማትሰማበት።

በሯ ላይ ቧንቧ የተበጀለት ጄሪካን ተንጠልጥሏል። ሳሙናው በአሮጌ ካልሲ ታስሮ አጠገቡ ይወዛወዛል። የጎረቤቱ ሁሉ ጄሪካን ወደ ውኃ መቅጃነቱ ከተመለሰ ዓመታት አልፈዋል፤ የሷ ግን አሁንም ሥራ ላይ ነው። "እጅ!" ትላለች፣ ገና ሰላም ሳትል። የቀበሌ ሊቀመንበር ይምጣ፣ ቆጣሪ አንባቢ ይምጣ፣ "እጅ!" ነው። አንዴ ከገበያ የገዛችው አውራ ዶሮ እንኳ ከነነፍሱ በሳሙና ታጥቦ ነው የገባው። ጎረቤቷ ባለሱቁ ረሻድ አይቶ፣ "ይሄ ዶሮ ከኔ ይበልጥ ንጹሕ ነው፤ ማን ደፍሮ ያርደዋል?" ብሎ ሰፈሩን አስቋል።

ይሄ ሁሉ ለአባቷ ነው። አቶ ሕዝቅኤል ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ድሮ አስተማሪ ነበሩ፤ አሁን ጆሯቸው ከብዷል። ጠያቂ ሲመጣ ጣቢታ ወንበሩን በገመድ ለክታ ታስቀምጣለች። "ሁለት ሜትር!" ጆሮው የከበደ ሽማግሌ ደግሞ በሁለት ሜትር ካልተጮኸለት አይሰማም። ስለዚህ የተጣሉ ባልና ሚስት ለሽምግልና ሲመጡ፣ ገበናቸው ማዶ እስከቆሙት ባጃጆች ይደርሳል። አንዱ ሹፌር ከመንገድ ሆኖ፣ "አባባ፣ ጥፋቱ የሱ ነው!" ብሎ ፈርዷል ይባላል።

አክሊሉም እንደ ሰው ይስቃል። ሲስቅ ግን የሚቆረቁረው ነገር አለ። በኮሮናው ጊዜ እናታቸውን ለቅሶ ቤት ያደረሰቻቸው ጣቢታ ነበረች። እናትየው እዚያ ኮሮና ይዟቸው በሁለት ሳምንታቸው ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ የቢሮ ሥራዋን ትታ አባቷ አጠገብ ቁጭ አለች። አባት አንዴ ሲያስሉ እሷ ሦስት ጊዜ ትደነግጣለች። እሱ በወር አንዴ ሙዝ ይዞ ይመጣል፤ ይታጠባል፣ ተለክቶ ይቀመጣል፣ ይሄዳል። አንቺስ እንዴት ነሽ ብሎ የጠየቀበት ቀን ትዝ አይለውም።

በዚህ ጥር የመጣው ግን ለከባድ ጉዳይ ነው። ልጁ ሐዳሳ ልታገባ ነው። "አያቴ በአፉ ካልመረቀኝ ከቤት አልወጣም" ብላለች።

"እቴ፣ አባን ልወስደው ነው የመጣሁት።"

"ወዴት?"

"ቦኖሻ፣ ለሰርጉ።"

"ሁለት ሜትር!"

"ተቀምጫለሁ እኮ!"

"ወንበርህ ተንሸራትቷል። ሙሽራዋ ትምጣና በመስኮት ትመረቅ።"

ቀኑን ሙሉ ምንም ያልሰሙት አቶ ሕዝቅኤል ሰርግ የምትለዋን ቃል ሰሙ። "ኮቴ የታል?" አሉ።

ጣቢታ ተሸነፈች፤ ግን በውል ነው። የራሳቸው ኩባያ ይያዝ፣ የሚኒባሱ መስኮት ይከፈት፣ ማስኩም ከአፋቸው አይውረድ። አባት ከጣቢታ ጎን ተቀምጠው፣ አምስት ዓመት ያላዩትን መንገድ እያዩ፣ ያለፉትን ዛፍ ሁሉ በስሙ እየጠሩ ቦኖሻ ገቡ።

ድንኳኑ ጢም ብሏል። ሐዳሳና ሙሽራው ተንበረከኩ። አቶ ሕዝቅኤል በሀዲይኛ ረዥም አድርገው መረቁ፤ ውለዱ፣ ክበዱ፣ ከብታችሁ ይርባ። በነሱ ወግ ሽማግሌ ሲጨርስ "እትፍ" ይላል፤ ጠብታው ያልደረሰው ተመረቅሁ አይልም። እሳቸውም በሙሉ ኃይላቸው "እትፍ!" አሉ። ማስኩ እንደ ፊኛ ተነፋ፣ ተመልሶም ረገበ።

የወንድ ወገን ሽማግሌ አቶ ዳኘ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሕዝቅኤል፣ ምርቃቱን ለራስህ አስቀረኸው እኮ!"

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሐዳሳ ግን ከጉልበቷ አልተነሳችም። ዓይኗ አክስቷ ላይ ነው። አክሊሉም እህቱን አየ። እጇ አባቷ ጆሮ ዘንድ፣ የማስኩ ክር ጋ ደርሶ እዚያው ቀርቷል።

"አልችልም፣ አክሊሉ" አለች ቀስ ብላ። "እማን የወሰድኳት እኔ ነኝ።"

"ምን አለች?" አሉ አባት።

አክሊሉ ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብሎ ነገራቸው። አቶ ሕዝቅኤል ድምፃቸውን መመጠን ከተዉ ቆይተዋል፤ የመለሱትን ድንኳኑ በሙሉ ሰማው።

"እናትሽ እኮ በገመድ ብታስሪያትም ለቅሶ አትቀርም ነበር! አንቺ ባትወስጃት በእግሯ ትሄድ ነበር!"

"እውነት ነው!" አሉ አንዲት አሮጊት ከኋላ። "እኔን ራሴን ቀስቅሳ የወሰደችኝ ስንቴ ነው!" "እውነት!" አለ ድንኳኑ፣ እናትየውን የሚያውቅ ሁሉ።

ጣቢታ ማስኩን አወለቀችው። አባት ግን ወደ ሙሽሮቹ አልዞሩም። "መጀመሪያ አንቺ ተንበርከኪ" አሏት። ተንበረከከች። "አምስት ዓመት ያቆየሽኝ ልጄ፣ አንቺንም እግዜር ያቆይሽ። እትፍ!" ጠብታው ግንባሯ ላይ አረፈ። አልጠረገችውም። ቀጥሎ ሐዳሳና ሙሽራው ድርሻቸውን በደንብ አገኙ፤ እልልታው ከቦኖሻ አልፎ ተሰማ።

"አባ እኔ ጋ ይከርማል" አላት አክሊሉ፤ አሁን እንኳ ሲላት አፍሮ ነው። "መድኃኒቱን ጻፊልኝ፣ የምግቡንም ሰዓት። አንቺ ዕረፊ።"

ጣቢታ የፕላስቲክ ወንበር ስባ ምሰሶው ሥር ተቀመጠች፣ ራሷን አስደገፈች። መዘምራኑ ሦስተኛውን መዝሙር ሳይጀምሩ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል፣ አፏን ከፍታ እንቅልፍ ወሰዳት።

አክሊሉ በገዛ ልጁ ሰርግ፣ ጭብጨባውን ሰንጥቆ የመዘምራኑ መሪ ሲላስ ጋ ደረሰ።

"ሲላስ፣ ወንድሜ፣ ድምፁን ቀንስልኝ" አለው። "እህቴ ተኝታለች።"