በጋሼ ካሴት ማይክ ፊት

ጋሼ ካሴት በሰው ሰርግ ያለቅሳሉ ይባላል። የሰፈሩን አሮጌ የቪዲዮ ካሴት ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ካልገለበጥኩ ብሎ የሚታገል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም፤ በእንባ የሚታሙት ግን እኚህ ብቻ ናቸው። ወሬውን የነዛው ዳቦ ጋጋሪው ነው፤ "በገለበጡልኝ የሰርጌ ቪዲዮ ላይ ሙሽሮቹ ሲሳሳሙ አፍንጫውን የሚስበው ታዲያ ማነው?" ይላል። የጋሼ ባለቤት አላመኑም። እኚህ ሰው በገዛ ሰርጋቸው ቀን እንኳ ዓይናቸው ሳይረጥብ፣ የወንበር አደራደር ሲያርሙ ነው የዋሉት።

የክቡርነታቸው አሠራር እንዲህ ነው። ምስሉ ከካሴት ማጫወቻው ዴክ ወደ ኮምፒውተሩ በገመድ ይሄዳል። ድምፁ ግን በፍጹም። "ድምፅ በገመድ ሲሄድ ይቀጥናል" ብለው፣ ማይክ ከቴሌቪዥኑ ፊት በሁለት ትራስ መሃል ያቆማሉ። ስለዚህ ካሴቱ ዞሮ እስኪያልቅ በዚያ ቤት ማሳል ክልክል ነው። ከሕጉ ነፃ የሆኑት እሳቸው ብቻ ናቸው። ዳቦ ጋጋሪው ቀለበት ሊያጠልቅ እጁን ሲዘረጋ "ሴትዮ፣ ድስቱ አረረ" የሚል የጋሼ ድምፅ ይሰማል። የፋርማሲስቷ ምርቃት ላይ ደግሞ "ይሄ ኮት የኪራይ ነው" ብለዋል። ቅር ያለው ሲመጣ መልሳቸው አንድ ነው፤ "ጨመርኩልህ እንጂ ምን ቀነስኩብህ?"

ታዲያ አንድ ከሰዓት እላይ ፎቅ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ካሴት በፎጣ ጠቅልላ መጣች። የሟች ባሏ ድምፅ የቀረው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። ካሜራውን የያዘው እሱ ስለነበር መልኩ የለበትም። ጋሼ ክዳኑን ገልጠው አዩ። ክሩ ሻግቷል።

"አንዴ ይዞርልሻል። ሁለተኛ ግን አልምልልሽም።"

ሴትየዋ ወደ ባለቤታቸው ዞረች።

"ገብቶኛል የኔ እህት" አሉ ባለቤታቸው። "እኔም የፈራሁት አፉን ነው።"

ምድጃው ጠፋ፣ ፍሪጁ ተነቀለ። ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው አፋቸውን ለመክደን እጃቸውን አሰናዱ። ካሴቱ ዞረ። በረንዳ ላይ አንዲት ወጣት አበባ ታጠጣለች፤ ከካሜራው ጀርባ የወንድ ድምፅ "ወደዚህ ጠጋ በይ፣ ፀሐዩ ፊትሽን በላው" ይላል። "ሳቂ አላልኩም፤ ዝም ብለሽ አጠጪ።"

ጋሼ አንድ ቃል አልወጣቸውም። የባለቤታቸው እጅ አየር ላይ ዛለ። ክሩም መጨረሻው ላይ ደርሶ ተበጠሰ።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ካሴቱ የተገለበጠበትን ፍላሽ ይዛ ተመለሰች።

"ጋሼ፣ ምንም አልጨመሩበትም። እግዜር ይስጥልኝ። ግን 'ፀሐዩ ፊትሽን በላው' ካለ በኋላ አፍንጫ ሲሳብ ይሰማል። ደጋግሞ።"

"ይቆረጥልሽ?"

"ኧረ ተዉት። ብቻዬን ያየሁት አይመስለኝም።"

ባለቤታቸው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

"እኔ አላለቀስኩም። በማንም ሰርግም አልቅሼ አላውቅም። ካሴቱ ነው እርጥብ የነበረው።"