እንደ ስጥ የተሰጡት ፋይሎች

አቧራ ሳያስነሳ የሚያጸዳ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሪያድ ላይ አንድ አግኝቻለሁ። ከድር ይባላል፤ የወሎ ልጅ ነው።

ሰናኢያ በሚሉት የኢንዱስትሪ ሰፈር የአንድ ፋብሪካ ጽዳት ሠራተኞች ነበርን። አንድ ቀን አለቃችን የአሮጌ ፋይሎችን ክፍል አስከፈተን። አይጥ ወርሶታል። እኔም አለቃ ሲያየኝ ደርሶ ታታሪ ነኝና መጥረጊያዬን አነሣሁ። አቧራ ካልጨሰ ማን ሠራ ይለናል?

«ተው ወንድሜ!» አለኝ ከድር። «የአይጥ ኩስ በደረቁ አይጠረግም። ብናኙ ሳንባ ይገባል።»

መጀመሪያ በሩን ከፍቶ ክፍሉን አናፈሰ። ጓንትና ማስክ አስደረገኝ። ወለሉን በበረኪና አርሶ፣ ቆይቶ ወለወለው። በአይጥ ሽንት የራሰውን ወረቀትስ? ግቢ አውጥቶ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ አሰጣው! ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጭኖበት፣ ዶሮ እንደሚከላከል ሰው አጠገቡ ቁጭ አለ።

«ገንዳ ውስጥ ጣለውና ኸላስ!» አልኩት።

«የሰው ጉዳይ አይጣልም» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን የደረቀውን አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ቆይቶ ጠራኝ። በእጁ ፓስፖርት ይዟል። ካፊሌ፣ ማለትም ያስመጣኝ የፋብሪካው ባለቤት፣ «ጠፍቷል» ብሎኝ፣ የታመመች እናቴን ሳላይ ሁለት ዓመት ያስቀመጠኝ የኔው ፓስፖርት!

ቢጎዳም ቁጥሩ ስለሚነበብ ኤምባሲያችን በአዲስ ቀየረልኝ፤ እናቴንም በሕይወት አገኘኋት። ከድር፣ አላህ ውለታህን ይክፈልልኝ። አይጧ ከፎቶዬ ላይ አንድ ጆሮዬን በልታለች። ትብላው፤ ምክር አልሰማ ያለው እሱ ነበር።