ሼህ ይማም በጆሯቸው ሲጠሩ

አንዳንዱ ሰው ተናግሮ ይኖራል፤ አንዳንዱ አዳምጦ። እኔ ደግሞ ሰው ጆሮ ውስጥ ሹክ እያልኩ ነው እንጀራዬን የምበላው። አሉባልተኛ መስያችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ቢያንስ በሥራ ሰዓት። ወልድያ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ከመስታወት ጀርባ እቀመጣለሁ። ከፊቴ አንዲት ሳጥን አለች። ቁልፏን ስጫን ቀይ መብራቷ ይበራል፤ ድምፄም በቀጭን ሽቦ ሄዶ ማይኩ ፊት ከተቀመጠው ሰው ጆሮ ይገባል። «አሳጥር»፣ «ቀጥል»፣ «ጠጋ በል» እላለሁ። አድማጭ እኔን አይሰማኝም። የሥራው ሕግ አንድ ነው፦ በጆሮው የተነገረው ሰው ይሰማል እንጂ አይመልስም። ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ ለወሎ ሽማግሌ ንገሩት!

በጦርነቱ ጊዜ ነው። ከሰሜን የሚመጣው ሰው መንገዱን ሞልቶ በሲሪንቃ አድርጎ ወደ መርሳ ይጎርፋል። መብራት የለም፤ ስልክ የለም። ያለችን አንዲት ጄኔሬተር ናት፤ እሷም ነዳጇ ለሩብ ሰዓት ቢበቃ ነው። አዘጋጇ ልጆቿን ይዛ ስለወጣች የቀረነው እኔና ዘበኛው ብቻ ነን። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሻችሁም። ከመድፉም በላይ የሚያስፈራኝ የራሳችን ዝምታ ነበር፤ ሥርጭት ጀምረን ድንገት ዝም ካልን ከተማው «አለቀልን» ብሎ ብድግ ይላል።

ረፋድ ላይ ሼህ ይማም መጡ። የሐራ ገበሬ ናቸው፤ ጋቢያቸው አቧራ በአቧራ ሆኗል። ልጃቸው ዘይነባ በግርግሩ ተለይታቸዋለች። መርሳ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ከተጠለሉት ጋር ታይታለች የሚል ወሬ ሰምተዋል፤ እዚያ ያለውን ሰው ደግሞ በማግስቱ በጭነት መኪና ወደ ደሴ ሊወስዱት ነው። ከሄደች ማን ያገኛታል? «አባትሽ በሕይወት አለ፣ ወልድያ ነው፣ ከመርሳ እንዳትነሺ በላት» አሉኝ። እኔው ልናገርላቸው እችል ነበር። «የራስዎን ድምፅ ብትሰማ ታምናለች» አልኳቸው። ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል።

ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ሰካሁላቸው።

«አባባ፣ ድምፄን ሲሰሙ እንዳይመልሱልኝ።»

«ተጠርቼ ዝም ልበል? ነውር አይደለም እንዴ ልጄ?»

«ሬዲዮ ላይ ነውር የለውም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺታ መስሎኝ!

ሥርጭቱ ተጀመረ። ሼህ ይማም መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ፤ እኛ አገር ማን ነው ሳይመርቅ ወደ ጉዳዩ የሚገባው? «ያ አላህ፣ መንገድ ላይ ያለውን ሁሉ ጠብቅልን!» አሉና ዝም አሉ። የድምፅ መለኪያዋ መርፌ ወደቀች። ማይኩ ነው? ሽቦው ነው? ላብ አጠመቀኝ። ኋላ ነው የገባኝ፤ «አሚን» እየጠበቁ ነው። አሚን ያልተባለለት ዱዓ ወደፊት አይሄድም፤ ስቱዲዮው ውስጥ ደግሞ ከባዶ ወንበር በቀር የሚል የለም። ምን ይደረግ? እኔ የቄስ ልጁ ቁልፏን ተጫንኩና ጆሯቸው ውስጥ «አሚን!» አልኩ። ቀጠሉ። ለወላድ፣ ለበሽተኛ፣ ጫማ ለሌለው፣ ለጠፋ ከብት ሳይቀር ለመኑ። በየመሀሉ እኔ አሚን እላለሁ፤ መርፌዋ ትነሳለች፣ ትወድቃለች፤ ዘይነባ ግን የለችበትም። ጄኔሬተሯ ማሳል ጀመረች።

«አባባ!»

«አቤት!» አሉ፤ አገር እየሰማ።

«የዘይነባን ይናገሩ፣ ነዳጁ አለቀ!»

«አቤት ልጄ፣ እሺ። ይችን ልጨርስና። የሰውን ዱዓ አቋርጬ የራሴን ላስቀድም እንዴ?»

ጄኔሬተሯ ጠፋች፤ ስቱዲዮው ጨለመ።

«ነገርኳት?» አሉኝ ሲወጡ። «አልደረሰም፣ አባባ» አልኩ። ወደ ዘበኛው ክፍል ደጃፍ ሄደው ተቀመጡ። ቢቆጡኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ያን ቀን ሙሉ ራሴን ስረግም ዋልኩ፤ ያን «አቤት»ም አብሬ።

በማግስቱ ማለዳ ዘበኛው አንድ ባለባጃጅ ለምኖ ጥቂት ቤንዚን አመጣ። መኪኖቹ ሳይነሱ እንድረስ ብዬ ሼሁን ማይኩ ፊት አስቀመጥኳቸው፤ «መጀመሪያ ስሟን» ብዬም ቃል አስገባኋቸው። ምን ዋጋ አለው? መዳፋቸውን ዘረጉ።

እጄን ወደ ቁልፏ ስሰድ የክፍሌ በር ተከፈተ። አቧራ የለበሰች ወጣት ሴት ቆማለች። በመስታወቱ ሼሁን አየችና ተጠጋች፤ ወንበሬን ሰጠኋት።

«ስምሽ እኮ አልተጠራም፤ እንዴት አወቅሽ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ሬዲዮውን ልብ ያለውም አልነበር። ድንገት ሰው ሁሉ ሳቀ። እዚያ ግቢ ከገባን ሳቅ ሰምተን አናውቅምና ምን ተገኘ ብዬ ጠጋ አልኩ። ለካ አንድ ሽማግሌ ማንም ሳይጠራው ‹አቤት› ይላል!» አፏን በነጠላዋ ያዘች። «አባቴ ለሕፃንም አቤት ነው የሚለው። ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ጎህ ሲቀድ ዱቄት ጭኖ በሚወጣ መኪና መጣሁ። ይዤው ልወርድ ነው።»

ሳጥኗን ወደ እሷ ገፋሁ። ቁልፏን ተጫነች።

«አባ።»

«አቤት ል…»

መርፌዋ ወደቀች። ተውኳት፤ ከተማው ያሻውን ይበል። ሼህ ይማም ወደ መስታወቱ ዞረው አዩን። መዳፎቻቸው ግን እንደተዘረጉ ናቸው።

«መጣሽ? አልሐምዱሊላህ። ቆይ እናቴ፣ ይችን ልጨርስ» አሉ። «ያ አላህ፣ ልጁ የጠፋበትን ሁሉ አገናኝ!»

ዝም ብለው ጠበቁ። እጄን ልዘረጋ ስል ዘይነባ ቀደመችኝ። እንባዋን ሳትጠርግ ቁልፏን ተጫነችና «አሚን» አለች።