ጭስ መለኪያዋ ጆሮ አላት ወይ?

የመንግሥት ሰው ደጃፍ አንኳክቶ አንድ ነገር ሲጠይቅ የሚደነግጥ የመንዝ ሰው አላውቅም። ስብሰባ ውጡ ይላል፣ መንገድ ጥረጉ ይላል፣ ችግኝ ትከሉ ይላል፤ ለሁሉም የሚሰጠውን መልስ ከልጅነታችን ጀምሮ ተለማምደነዋል። የሚያስደነግጠው ይህን አድርጉ ሳይል የሚመጣው ነው። እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ አንድ መሥሪያ ቤት ብድግ ብሎ «የምትተነፍሱት አየር እንዴት ነው?» ቢላችሁ ምን ትላላችሁ? ልባም ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ በሩን በቀስታ መለስ ያደርጋል። እኔ ግን ግቡ አልኩ። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ሞላሌ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምኖረው ከባለቤቴ ከአስካለና ከእናቷ ከእማሆይ ወለተ ኪዳን ጋር ነው። እማሆይ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ጆሯቸውም ከበድ ብሏል፤ ከምድጃው አጠገብ ካለችው መደብ ብዙም አይርቁም። የአገራችን ብርድ ደግሞ የሚቀልዱበት አይደለም። የምናነደው ኩበት ነው። የኩበት ጭስ አንዴ ቤት ከገባ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ተቀምጦ ይቆያል እንጂ ሂድ አይባልም። እማሆይ ይስላሉ። ሳላቸውን ከመልመዳችን የተነሣ የቤቱ ድምፅ አድርገን ቆጠርነው እንጂ በሽታ ብለነው አናውቅም።

ነገሩ የተጀመረው በቀበሌ አዳራሽ ነው። ከአንድ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የመጣች፣ ድምፅዋ ለስለስ ያለ ባለሙያ ሰበሰበችን። አየር የጥራት ደረጃ አለው አለች። እኛ እስከዚያ ቀን ድረስ ደረጃ ያለው ትምህርት ቤትና ሆቴል ብቻ ይመስለን ነበር። መሥሪያ ቤቷ መጀመሪያ ይለካል፣ ከደረጃው በታች የሆነውን ይለያል፣ እንዲሻሻል ያደርጋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይለካል፤ አየሩ ደረጃውን እስኪያሟላ ድረስ ሥራው ይኸው ነው። ስለዚህ በእጣ በሚመረጡ ቤቶች ውስጥ ጭስ የምትለካ ትንሽ ሳጥን ትሰቀላለች። ከለካችሁ በኋላ ምን ልታደርጉ ነው ተብላ ስትጠየቅ ግን፣ እሱ ውጤቱ ከታየ በኋላ የሚነገር ነው ብላ ዝም አለች። እንዲህ ዓይነቱን ዝምታ እኛ እናውቀዋለን።

እጣው ሲወጣ የእኔ ቤት ደረሰው። በሕይወቴ እጣ ወጥቶልኝ አያውቅም፤ ይህ ራሱ አጠራጠረኝ።

ሳጥኗ ነጭ ናት፣ ከመዳፍ ትንሽ ትበልጣለች፣ ቀይ መብራቷ ቦግ እልም ይላል፣ ጆሮ ላስጠጋ ሰው ደግሞ ታጉረመርማለች። ባለሙያዋ ከምድጃው ፊት ለፊት ሰቀለቻትና፣ እንደወትሯችሁ ኑሩ፣ እንዲያውም እዚህ እንዳለች እርሷት ብላን ሄደች። እርሷት! እርሱት የተባለ ነገር ተረስቶ ያውቃል? እኔ እንኳ ለሱሪ የደንበኛዬን ወገብ ስለካ፣ ዝም ብለህ ቁም ያልኩት ሰው ሁሉ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል። ልብሱ ሲጠበው ደግሞ የሚወቅሰው እኔን ነው።

ሳጥኗን ለማየት ቀድመው የመጡት ጎረቤታችን፣ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተሾመ ናቸው። ጋሽ ተሾመ በዚህ ዓለም የሚያምኑት ታቦቱንና በቅሏቸውን ነው፤ በቅሏቸውንም ቢሆን በፊቷ በኩል ሲቆሙ ብቻ። ሳጥኗን ከግራም ከቀኝም ካዩአት በኋላ ክንዴን ይዘው ወደ ደጅ አወጡኝ።

«ስማኝ፣» አሉኝ፣ «ጭስ ለማየት ዓይን ይበቃል። ይቺ የምትለካው ወሬ ነው።»

ሳቅሁባቸው። የዘመኑን ነገር የማውቅ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለው ነገር እንደማይሆን በዝርዝር አስረዳኋቸው። ከዚያ ወደ ቤት ገባሁና አስካለን ውኃ ስጪኝ ያልኳት በእጅ ምልክት ነበር።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤታችን ገዳም ሆነ። ከአስካለ ጋር የምንጨቃጨቀው በቅንድብ ሆነ፤ በቅንድብ ደግሞ ሁልጊዜ እሷ ታሸንፋለች። ችግር የሆኑብን እማሆይ ናቸው። ለእሳቸው ካልጮኹ አይሰሙም፣ ከጮኹ ደግሞ ሳጥኗ አለች። ሁለታችን ስናንሾካሹክ ያዩ ጊዜ ተጣልተን መሰላቸው፤ ሊያስታርቁንም ሞከሩ። ጸሎታቸውን ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉ ብላ አስካለ በጆሯቸው ብትለምናቸው፣ «መንግሥት ከፈለገ ቁጭ ይበልና አብሮኝ ይጸልይ» ብለው ድምፃቸውን ጨመሩ። የንስሐ አባታችንም ጸበል ሊረጩ መጥተው ቀዩን መብራት አዩና ቡራኬውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በግእዝ ብቻ አደረሱት። ሌላ ጊዜ መሐል መሐል ላይ በአማርኛ ይመክሩን ነበር። ሲወጡ፣ ግእዙን የሚረዳ መሥሪያ ቤት ገና አልተቋቋመም አሉኝ።

እንዲህ እያልን ሳለ ጋሽ ተሾመ አዲስ ሐሳብ ይዘው መጡ። አድረው ሲያስቡበት፣ ሳጥኗ ወሬ ሳይሆን እሳት ነው የምትቆጥረው አሉ። ነገ ኩበት ማንደድ ክልክል ነው ሊባል ነው፤ ማስረጃውም ከእናንተው ግድግዳ ላይ ይወርዳል። ይሄኛው ከፊተኛው የባሰ ነው። ወሬ ቢከለከል ለጊዜው ዝም እንላለን፤ ኩበት ቢከለከል መንዝ ላይ በምን ይሞቃል? አስካለ ደግሞ ለበዓል ትንሽ አረቄ ታወጣለች፤ የአረቄው እሳት ተለይቶ ይታወቅ አይታወቅ ማን ያውቃል?

ያለ ክርክር ምድጃችንን ነቅለን ከቤቱ ጀርባ፣ የበጎቹ በረት ጥግ ላይ ተከልነው። ቂጣውም ወጡም ቆሎውም እዚያ ሆነ። ወራቱ ኅዳር ነበር። ጠዋት ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ይሆናል፤ አስካለ ከበግ ጠጉር የተሠራ ዝተቷን ተከናንባ እሳት ታራግባለች። ቤት ውስጥ ደግሞ እኛ በብርድ ስንንቀጠቀጥ ሳጥኗ ብቻዋን ቦግ እልም ትላለች። የምትለካው አጥታ እኛኑ የምታይ ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን አስካለ ከደጅ ገብታ፣ መሐል ቤት ቆመችና ጆሮዋን አቀናች። ሳጥኗን የምትሰማ መስሎኝ እኔም አዳመጥኩ። ምንም የለም።

«እማሆይ አልሳሉም፣» አለችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ድምፅዋን አውጥታ ተናገረች።

እውነትም አልሳሉም። ሁለት ጋቢ ደራርበው ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ የሚያቋርጣቸው ነገር የለም። ነገሩ ሲሰማ ሁሉም የየራሱን ተረጎመ። የንስሐ አባታችን ጸበሉ ነው አሉ። ጋሽ ተሾመ፣ ሳጥኗ ሳሉን ወስዳዋለች፣ ቀጥሎ ምን እንደምትወስድ እንጠብቅ አሉ። አስካለ ግን የሁላችንንም ሰምታ ስታበቃ፣ «ጭሱ ነው» አለች። እኔ ዓመታት ሙሉ እዚያው ምድጃ ሥር ተቀምጬ እንጀራዬን ስበላ አጠገቤ የሚታፈን ሰው እንዳለ አለማየቴ ከነከነኝ። ስለ ለካሁት ልብስ እንጂ ስለሰው አልተጨነቅሁም ማለት ነው።

ጥቂት ቆይታ ባለሙያዋ መጣች፤ ሳጥኗን አውርዳ፣ አመስግናን ሄደች። እኛስ ምን አደረግን? ማወቃችን የት ይሄዳል፣ ምድጃው ከቤት እንዳይገባ እናደርጋለን ብላችሁ ይሆናል። ብርድ ግን ዕውቀት አይሰማም። የዚያኑ ቀን ማታ ምድጃውን መለስነው። እማሆይም ወደ ሳላቸው ተመለሱ።

በኋላ ውጤቱ ሊነገር ተሰበሰብን። ባለሙያዋ ፊቷ በርቷል። ሞላሌ ላይ የተለኩት ቤቶች በሙሉ ደረጃውን አሟልተዋል፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ የቤት ውስጥ አየር ይገኛል ብለን አልጠበቅንም አለች። አጨበጨብን። እያጨበጨብን ሳጥን የደረሳቸውን ሰዎች አየኋቸው፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ለካስ ምድጃውን ያላወጣ ቤት የለም! ከዚያ ያን ጊዜ የደበቀችውን ተናገረች። መሥሪያ ቤቱ ጭሱን በቧንቧ ወደ ውጭ የሚያወጣ፣ ቤቱን የሚያሞቅ፣ ኩበቱንም የሚቆጥብ ምድጃ አዘጋጅቶ ነበር። አስቀድማ ያልነገረችን ውጤቱ እንዳይዛባ ብላ ነው። እኛ ግን ስለማያስፈልገን፣ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ምድጃዎቹ ሳጥኗ ሥር እንደ ልማዳቸው ኩበታቸውን ሲያጨሱ ለከረሙት ለጎረቤታችን ከተማ ለቀየት ሰዎች ተሰጥተዋል።

ጭብጨባው ቆመ። አስካለ ተነሣች። በስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም።

«እህቴ፣» አለች፣ «ያ የቤታችን አየር አይደለም። ሳጥኗን ፈርተን እሳቱን ደጅ አውጥተን ነው። እናቴ ሳይስሉ የዋሉት ያን ሰሞን ብቻ ነው፤ አሁን እንደገና እያፈናቸው ነው። መልሰሽ ስቀያትና እውነተኛውን እዪ።»

ባለሙያዋ አንድ በአንድ እያየችን አዳራሹን በዓይኗ ዞረች፤ ቅድም የነበረው ፈገግታ ከፊቷ ጠፍቷል።

«አሁን ምን እንደምንሰጥ አውቃችኋል፣» አለች። «ብሰቅላት ሆን ብላችሁ ታጨሱባታላችሁ። የፊተኛው ውሸት ከሆነ፣ የሚቀጥለውን በምን አምናችኋለሁ?»

ለአለቆቿ እንደምትነግር ቃል ገባችልን፤ ምን ብላ እንደምትነግራቸው ግን አልተናገረችም። እስከ ዛሬም እየጠበቅን ነው። ቀን ቀን በረቱ ጥግ እናበስላለን፤ ማታ ብርዱ ያሸንፈንና እሳቱን እናስገባለን። እማሆይም ቀን ቀን ደህና ይውላሉ።

ያን ቀን ከአዳራሹ ስንወጣ ጋሽ ተሾመ እንደ ልማዳቸው ክንዴን ያዙኝ። ግራና ቀኝ አዩ፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«ይቺን የመሥሪያ ቤት ልጅ ልብ ብለህ አይተሃታል?» አሉኝ። «ሰው አታምንም እኮ። ምን ብናደርጋት ነው?»