የታጠበው የሐጂ ሳቅ

ሰው ካሜራ ፊት ሲቆም ምን እንደሚሆን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? አሁን ሲያሽሟጥጥ፣ ጎረቤቱን በሳቅ ሲያፈርስ የነበረው ሰው «እስቲ አንዴ ላንሳህ» ሲሉት ዳኛ ፊት እንደቀረበ ቀጥ ይላል። እጁን የት እንደሚያደርገው ግራ ይገባዋል። ፎቶው ሲወጣ ደግሞ «አሁን ይሄ እኔ ነኝ?» ብሎ ይቆጣል። ታዲያ ማን ሊሆን ኖሯል?

አማቴ ሐጂ አብዶ የዚህ ዓይነቱ ሕዝብ አለቃ ናቸው። ድሬዳዋ ውስጥ በሳቃቸው የታወቁ ናቸው፤ መጀመሪያ ትከሻቸው ይነቃነቃል፣ ቀጥሎ ሆዳቸው ይከተላል፣ ድምፁ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ስልክ ሲነጣጠርባቸው ግን ያ ሁሉ ሰው ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል። ባለቤቴ ሐያት ያሏት የአባቷ ፎቶዎች በሙሉ ለፓስፖርት የተነሱ ይመስላሉ።

ዘንድሮ ሀርጌሳ ድረስ ሊጠይቁን መጡና ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ «ከእንግዲህ ጉልበቴ እዚህ የሚያደርሰኝ አይመስለኝም፤ ይሄ የስንብት ነው» አሉ። የድሬ ልጅ አባቱን አንተ ነው የሚለው፤ ሐያትም ያን ምሽት ወደ እኔ ጠጋ ብላ «አባባ ሲስቅ የሚያሳይ አንድ ፎቶ እንኳ ሳልይዝ እንዲሄድብኝ አልፈልግም» አለችኝ። እኔ የመፍትሔ ሰው ነኝ። ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኛል።

መፍትሔዬ ካሜራዬ ነበረች። ገበያ ውስጥ ያገለገለ መጫወቻ ከሚሸጥ ሰው የገዛኋት፣ ሌንሷ ሳይቀር ፕላስቲክ የሆነች፣ ግን እውነተኛ ፊልም የምትጎርስ ካሜራ ናት። ኪስ ውስጥ ስልክ እያለ እሷን መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ስልክ ሁልጊዜ ልክ ነው፣ ልክ የሆነ ነገር ደግሞ ይሰለቻል። እሷ የት እንደምትሳሳት አይታወቅም። ክዳኗ ስለማይገጥም በላስቲክ አስሬያት እንኳ ብርሃን በስንጥቋ ሾልኮ ይገባና ሰማዩን ብርቱካን ያስመስለዋል። ሀርጌሳ ውስጥ ፊልም የሚያጥብ ፈልጌ ስላጣሁ የመጀመሪያውን ጥቅል በሰው አዲስ አበባ ላክሁት። ታጥቦ ሲመጣ፣ ለካ ፊልሙን ማዞር ረስቼ ሁለት ጊዜ እላዩ ላይ አንስቼበት ኖሮ፣ አብራን የምትኖረው የሐያት ታናሽ እህት የዙቤይዳ ፊት ላይ ባጃጅ ቆሞ ተገኘ። ዙቤይዳ ተቀየመችኝ፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ።

ሐጂ ከሰዓት በኋላ ከአስር ሶላት መልስ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ካሜራዋን ይዤ ቀረብኩ። ተቀብለው በእጃቸው መዘኗት፣ በጥፍራቸው ቆረቆሯት።

«አቦ፣ ይሄማ የልጆች ውሃ መርጫ ነው! ውሃው በየት በኩል ነው የሚወጣው?»

«ካሜራ ነው አባባ፤ እውነቴን ነው» አልኳቸው።

«እሱን ለሻጩ ንገረው!» አሉና በራሳቸው ቀልድ ትከሻቸው ተነቃነቀ፣ ሆዳቸው ተከተለ። መጫወቻ ፊት ማን ይኮሳተራል? እየሳቁ መለሱልኝ፣ እኔም አከታትዬ አነሳኋቸው። ሐያት በር ላይ ቆማ አፏን በሻሿ ሸፍና ታየን ነበር። የመጨረሻው ፊልሜ እዚያው አለቀ፣ ጠቅልዬ አውጥቼ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ የሚበር የሥራ ባልደረባ አገኘሁና ቤት ደወልኩ። ያነሳችው ዙቤይዳ ነበረች። «የአባባ ፊልም ጃኬቴ ኪስ ውስጥ አለ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ፣ የሚታጠብ ስለሆነ አውጥተሽ አቆይልኝ» አልኳት።

እናንተ የፊልሙ ዘመን ሰዎች ምን እንዳልኩ ገብቷችኋል። ዙቤይዳ ግን ከስልክ ጋር ያደገች ልጅ ናት፤ በዚያ ላይ የቴሌቪዥን ሪሞት በሳሙና አጥባ የምታውቅ ጽዱ ሰው ናት። ቤት ስገባ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ፣ በሐጂ ሽርጥና በእኔ ሸሚዝ መሐል፣ አንድ ረጅም የነጣ ነገር በመቆንጠጫ ተይዞ በነፋስ ይወዛወዛል።

«ወላሂ፣ ስንት ቆሻሻ እንደወጣው! ውሃው ሐምራዊ እስኪሆን ፈተግኩት» አለችኝ ደስ ብሏት። «እኔ እያለሁ ለእጥበት አዲስ አበባ ይላካል?»

ፊልም ገና ከማቀፊያው ተስቦ ብርሃን ሲያገኘው ነው የሚሞተው፤ ሳሙናው ሬሳ ማጠብ ነበር። ይህን ሳስረዳት ዙቤይዳ አለቀሰች። ሐያት ገመዱን አይታ ፊቷን አዙራ ወደ ውስጥ ገባች፣ እኔን የከበደኝም እሱ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ሐምራዊም ቢሆን። ለሐጂ ላለመናገር ተስማማን።

የመሄጃቸው ቀን አየር ማረፊያው ደጃፍ ከታክሲ ስንወርድ የሐያት ዓይን ቀልቷል።

«ምን ሆናችሁ? ገና አልሞትኩም እኮ!» አሉ ሐጂ።

ዙቤይዳ አላስቻላትም። «አባ፣ አውፍ በለኝ፣ ፎቶህን አጠብኩት!»

«ታጠበ? ማሻአላህ! እና ምን ያስለቅስሻል? አምጪው እንየው!»

«በሳሙና ነው ያጠብኩት!»

ሐጂ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መልሰው እሷን አዩ። «አስጥተሽዋል?» አሉ ቀስ ብለው። በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ትከሻቸው ጀመረ። ሻንጣቸው ላይ ተደግፈው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አማርኛ የማይሰሙት ባለታክሲዎች እንኳ አብረዋቸው ሳቁ። ሐያት ስልኳን አወጣች፤ ሐጂ አይተው ሱቁን ሊዘጉ ሞከሩ፣ በሩ ግን እምቢ አላቸው።

ፎቶው አሁን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ነው። ሐያት በጥድፊያ ስላነሳችው ደብዝዟል፣ ጥጉ ላይ የዙቤይዳ ጣት ገብቷል፣ ታክሲዋም ለሁለት ተቆርጣለች። ስልክ ሁልጊዜ ልክ ነው ያልኩትን በይፋ ሽሬያለሁ። ሐጂም በየጁምዓው ከድሬ ሲደውሉ ከሰላምታው ቀጥለው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦

«ዙቤይዳ፣ ፎቶዬ ደረቀ?»