የአያ ባዬህ ሰዓት

ሰው ተሰብስቦ ሥራ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ፣ መዶሻ ሳይነካ ከሁሉም በላይ የሚደክም አንድ ሰው አይጠፋም። ከጎንደር መጥተው መካኒሳ ቤት ተከራይተው፣ ኢየሩሳሌም የሚሄዱበትን ቀን የሚጠባበቁት የቤተ እስራኤል ወንዶች ማኅበርም ይህ ጸጋ አልጎደለበትም፤ አያ ባዬህ ነበሩት።

ማኅበሩ ቅዳሜ ከጸሎት በኋላ ተቀምጦ ይጫወታል፤ አርብ ደግሞ አቅም ላጣ ሰው እንጨት ይፈልጣል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ቤት ይጠግናል። አርብ ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ከገባች መዶሻ ቀርቶ ክብሪትም አይነካም። ስለዚህ በማኅበሩ ብቸኛዋን የእጅ ሰዓት የታደሉት ክቡር አያ ባዬህ ከቀትር ጀምረው ይጮኻሉ። «ፀሐይ እኛን አትጠብቅም።» «ያ ሚስማር ጠሟል።» «ወሬውን ለነገ አቆየው።» አንዴ መቃብር የሚቆፍሩትን ሰዎች «ሟቹ እንኳን ቀድሟችኋል» ብለው አጣድፈዋቸዋል። ወንዶቹ በሌሉበት «ጓድ ሰዓት» ይሏቸዋል። ስሙን ያወጣላቸው ቦጋለ ነው፤ ብረት ቀጥቃጭ ነው፣ እጁ ፈጣን፣ አፉ ከእጁ የፈጠነ።

በደርግ የመጨረሻው ክረምት የእማማ ትሩፋት ጣሪያ ተራ ደረሰ። የበሰበሰው ቆርቆሮ ተነስቶ አዲስ ሊመታ ነው። ቦጋለ አንድ አርብ እንኳ በሰላም ልሥራ ብሎ ተመኘ። ሐሙስ ዕለት አያ ባዬህን መንገድ ላይ አገኛቸውና «ነገ እኛን ወጣቶቹን ቀበሌ ለስብሰባ ጠርቶናል፤ ጣሪያው ለእሑድ ዞሯል» አላቸው። በዚያ ዘመን የቀበሌን ስብሰባ ማን ይጠራጠራል፤ አመኑት።

አርብ ሥራው ደስ የሚል ነበር። አሮጌው ቆርቆሮ ወረደ፣ ጨዋታው ደራ፣ እማማ ትሩፋት ቆሎ አቀረቡ። ቦጋለ መሰላሉ ላይ ቆሞ ባዶ የእጅ አንጓውን እያየ፣ በአያ ባዬህ ድምፅ «ፀሐይ እኛን አትጠብቅም» ሲል ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሰማዩ ደመና ስለነበር ፀሐይዋን ያያት የለም። ሳቁ ሳያልቅ ከጸሎት ቤቱ የቄሱ ዜማ ተሰማ። ሰንበት ገባች፤ ግማሹ ጣሪያ ገና ክፍት ነው።

መዶሻ ያነሳ የለም። እማማ ትሩፋትን ጎረቤት አስጠጓቸው። ዝናቡ ቅዳሜን ሙሉ ወረደ። በሱዳን በኩል ኢየሩሳሌም የሄደው ልጃቸው ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ በዱቄት ሙጫ ተለጥፎ ነበር፤ ያላቸው ፎቶግራፍ እሱ ብቻ ነው። ከሥሩ ካለው ጋዜጣ ጋር ሟሽሾ ወረደ። «ተዉ ልጆቼ፣ አትዘኑ፤ በአካል አየው የለም ወይ» አሉ። ቦጋለ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

እሑድ ማለዳ አያ ባዬህ መዶሻ ይዘው መጡ። ነገሩን ሁሉ ሰምተዋል። «እሑድ ብለኸኝ አልነበር፤ መጣሁ» አሉት ቦጋለን። መሰላሉ ላይ ወጥተው እስኪያልቅ ድረስ ሚስማር መቱ።

በሚቀጥለው አርብ ወንዶቹ ሥራ ሳይጀምሩ ቆመው ጠበቁ። አያ ባዬህ አብረዋቸው ናቸው፤ የሚያጣድፋቸው ግን የለም።

«አያ ባዬህ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አለ ቦጋለ።

ሰዓታቸውን ፈትተው እጁ ላይ አኖሩለት። «አንተ ያዘው» አሉና እንጨት ወደ መፍለጡ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ከቀትር ጀምሮ የሚጮኸው ቦጋለ ነው። ይስቁበታል፤ የእጄን ነው ያገኘሁት ይላል በልቡ። አንዳንዴ ሚስማር ሲመታ «ያ ሚስማር ጠሟል» ይሉኝ እንደሆነ ብሎ፣ ሆን ብሎ ያጣምመውና አያ ባዬህን በጎን ያያቸዋል። እሳቸውም ያዩታል። እንጨታቸውን ይፈልጣሉ።